ሽንት ቤታችን የተላጨ ሰሞን

ትናንት ከቡሬ ስልክ ተደወለ። የደወሉት የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ የደወሉትም ለእኛ ርእሰ መምህር ነው፤ ጉዳዩ ደግሞ የእኛ የሴቶቹ ሽንት ቤት። «የእናንተን ዓይነት ልንቆፍር ነው፤ የቄጤማውን ሥር ታካፍሉናላችሁ ወይ?» አሉ አሉ። ርእሰ መምህራችን ከቢሯቸው ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቶ ነበር። ወሬው ክፍላችን ሲደርስ እኔና ራህማ ዴስኩን እየደበደብን ጮህን። የፊዚክስ መምህራችን ጠመኔውን ይዞ ዞረና «ምን ተገኘ?» ቢል፣ ራህማ «ሽንት ቤታችን ቡሬ ሊሄድ ነው!» አለችው። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ለእኔ ግን ሳቁ እንባ እንባ ይለኝ ነበር። «ይህን ታሪክ ማን ይጻፈው?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባለፈው ወር በግድግዳ መጽሔታችን ላይ ስለ ባጃጅ ሾፌሮች የጻፍኩት ተወዶልኝ፣ አንዱ ሾፌር ራሱ መጥቶ «እኔን ነው አይደል?» ብሎ ተጣልቶኛል። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ሳይ እጄን ይበላኛል፤ አልግደረደርም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። «ያን ጊዜ» ብዬ ስጀምር እናቴ «የትኛው ያን ጊዜ? የጡጦሽ?» ብላ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት ዘመን ለእኔ እጅግ ሩቅ ነው። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጥር ሥር በአሥር ብር ማንጎ ስትገዙ ፌስታሉ ሊቀደድ እስኪደርስ ይሞሉላችሁ ነበር፤ ዛሬ በአሥር ብር ማንጎውን አሽትታችሁ ነው የምትመለሱት። ያን ጊዜ ባጃጆቹ ሁሉ የሚከፍቱት አንድ ዘፈን ነበር፤ መጀመሪያውን ከአንዱ ባጃጅ፣ አዝማቹን ከሌላው፣ መጨረሻውን ደግሞ ከሚቀጥለው እየሰማሁ ቤቴ እደርሳለሁ። ቤታችን ወደ ማንኩሳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። እግሬ ላይ ሐምራዊ ኮንጎ ጫማ አለ፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ማስቲካ እግር ይይዛል፣ ውሃ ሲገባው በየእርምጃው ድምፅ ያወጣል፤ አርፍጄ ወደ ክፍል ስገባ ከእኔ በፊት የሚያሳጣኝ እሱ ነበር። የደንብ ልብሳችን ሹራብ ሰማያዊ ነው ይባል እንጂ፣ ከታጠበ በኋላ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ይህን ሁሉ ስጽፈው እንዴት ይናፍቀኛል! የማይናፍቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሴቶቹ ሽንት ቤት በር ላይ የተንጠለጠለው፣ ቡጢ የሚያህል ቁልፍ።

የተቆለፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትምህርት ቤታችን ጉብታ ላይ ነው፤ ከሽንት ቤቱ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ይፈስና እማማ ጠጂቱ ደጃፍ ላይ ይተኛል። እማማ ጠጂቱ ከአጥራችን ሥር የሚኖሩ፣ ዶሮ የሚያረቡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው ግን ከነሙሉ ጤናው ያለ እናት ናቸው። ውሃውን ወደ ላይ መልሶ ጉድጓድ ውስጥ የሚከት ፓምፕ ተገዝቶ ነበር። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ቁጭ ይላል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። መብራቱ ሲሄድ ፓምፑ ይተኛል፤ ውሃው ግን አይተኛም። በመጨረሻ እማማ ጠጂቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡና በሰልፍ ላይ፣ በባንዲራው ሥር፣ «እናንት የሽንት ቤት ልጆች! እኔ ሳልሞት ነው እንዴ የምታሸቱኝ?» ብለው ጮኹብን። በሳምንቱ ሽንት ቤቱ ተቆለፈ። የወንዶቹ በሌላ በኩል ስለነበረ አልተነካም፤ ቢቆለፍም ለእነሱ ባሕር ዛፍ ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖርን ሴት የሆነ ሰው ሳልነግረው ይገባዋል። ጠዋት ውሃ መጠጣት ተውን። በዕረፍት ሰዓት ቤታቸው ቅርብ የሆኑት ይሮጣሉ፤ የእኔ ሩቅ ነው፤ ደርሼ ስመለስ ትምህርቱ አልቋል። ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፤ ዛሬም ክፍልፋይ የማላውቀው በዚህ የተነሳ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ቤት መቅረት ነው። እናቴ «ትርንጎየ፣ እንዲህ ከምትሠቃይ ቤት ቁጭ በይ፤ ትምህርቱ ይደርሳል» ማለት ጀመረች። የራህማ እናት የባሰች ነበረች፤ «ይህ ነገር እስከ ክረምት ካልተስተካከለ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ራህማ ሱቅ መግባት እንደማትፈልግ ለማሳየት ሁለት ቀን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሆን ብላ የገንዘብ መልስ አብዝታ ሰጠች፤ ደንበኞቹ ግን ወደዷት።

ያዳነን መምህር ይርጋ ነው፤ የባዮሎጂ መምህራችን። ቀጭን፣ ፀጉሩን የማያበጥር፣ ደስ ሲለውም ሲደነግጥም የሚንተባተብ። አንድ ቀን እኛን የአካባቢ ክበብ አባላትን ሰብስቦ «ፓምፕ አያስፈልገንም፤ ቁ-ቁልቁለት አለን!» አለን። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ከሽንት ቤቱ የሚወጣው መጀመሪያ በሲሚንቶ የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ወፍራሙ እዚያው ይቀራል። ውሃው ብቻ በቧንቧ ወጥቶ ጠጠርና አሸዋ የተሞላ ረጅም ቦይ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። ቦዩ ላይ ቄጤማና ፊላ ይተከላል፤ ሥሮቹና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ቆሻሻውን ይበሉታል። በሌላው ጫፍ የጠራው ውሃ ወደ ሙዝ ተክል ይሄዳል። መብራት የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ሞተር የለ። ራህማ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ታዲያ ማነው የሚሠራው?» አለችው። «መሬቱ» አላት። ድንጋይ የተሸከምነው፣ ጠጠር ያጠብነው፣ ከላህ ወንዝ ዳር ቄጤማ ከነሥሩ ነቅለን በማዳበሪያ ከረጢት ያጓጓዝነው እኛ ስለሆንን፣ ይህ «መሬቱ» የሚሉት ሠራተኛ ትንሽ አናደደን። ቦዩን «ረግረጓ» አልናት። በአንድ ክረምት ከወገባችን በላይ አደገች።

የወላጅ ኮሚቴው ግን አላመነም። ሰብሳቢው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ መናኸሪያው አጠገብ ባልዲና ጆንያ የሚሸጡ፣ የራህማ አያት። «አያትሽ ናቸው፣ ምን ያስፈራናል?» ስላት ራህማ «እሱ ነው የሚያስፈራው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ለልጅ ልጃቸው አደሉ እንዳይባል ሐጂ ከሁሉም በላይ ይጨክኑ ነበር። ቁልፉ ለሙከራ ተከፈተ፤ ፍርዱም ተሰጠ፦ እስከ ፋሲካ ይታያል፤ በፋሲካ ማግስት ኮሚቴው ቦታው ላይ ይሰበሰባል፤ ከሸተተ ረግረጓ በአፈር ትሞላለች፣ ቁልፉም ተመልሶ ይንጠለጠላል። ከሳሿ እማማ ጠጂቱ ናቸው፤ የእሳቸው ቃል ነው የሚወስነው።

እማማ ጠጂቱ ደግሞ ይሸታል አሉ። ጥቅምት ላይ ይሸታል፣ ጥር ላይ ይሸታል። በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነው። አንድ ቀን ሙዙን ስናጠጣ አገኘኋቸውና ጎንበስ ብዬ፣

«እማማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ይዩት፤ ያሸትቱት» አልኳቸው።

«አንች ልጅ፣ ሽንት ቤት ጎብኚ እያልሽኝ ነው?»

«አረንጓዴ ሆኗል እኮ።»

«አረንጓዴ ቢሆን፣ ቀይ ቢሆን ምን ገዶኝ! እሱን የምታይ ዓይን የለችኝም» ብለው ሄዱ።

ይህን ልብ በሉልኝ። የሲሚንቶውን ጉድጓድ ከሩቅ አይተውታል፤ ሽንት ቤቱ እዚያ የሚያልቅ መስሏቸዋል። የቀረው ለምለም ነገር የእርሻ ክበቡ አትክልት ነው ብለው ተቀምጠዋል። ማንም «አይደለም» አላላቸውም፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀም።

በዚያ ዓመት በጋው ከረረ። እሸት የምንፈልግበት ማሳ አቧራ ሆነ፤ የላህ ዳር እንኳ ቡናማ ነበር። በከተማው ውስጥ ለምለም ሆና የቀረች ረግረጓ ብቻ ናት። እኛም በኩራት አበጥን። ኮሚቴው ሰኞ ይመጣል፤ ይህን ልምላሜ አይቶ «ዝጉት» የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ጸሎተ ሐሙስ ለታ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተሰነባብተን ወደየቤታችን ሄድን። አርብ ሙሉ ቀን ስግደት ነበር፤ ጉልበቴ ሌላ ሰው የሰገደበት እስኪመስለኝ ሰገድኩ።

ቅዳም ሹር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ታደለ። እንዴት ያለ ቄጤማ! ረጅም፣ ወፍራም፣ ሲጎነበስ የማይሰበር። ካህኑ ራሳቸው «እንዲህ ያለ ለምለም ቄጤማ በዚህ በጋ ያመጣልን ሰው ይባረክ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ አሰረ፤ እናቴ አሰረች፣ እኔም ዙሪያውን አስሬ ጫፉን እንደ ጆሮ ጉትቻ አንጠለጠልኩት። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ራህማ የተላከችውን ዕቃ አድርሳ ስትመለስ ተገናኘን። «በዚያው ረግረጓን አይተናት እንለፍ» ተባባልን።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆምን። ረግረጓ የለችም። ማለት አለች፤ ግን ተላጭታለች። ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ሐዘንተኛ ራስ፣ ጉቶዋ ብቻ ቀርቷል። በእማማ ጠጂቱ ግቢ በኩል ያለው፣ ዶሮዎቻቸው የሚሾልኩበት የአጥር ቀዳዳ ሰፍቷል፤ ከቀዳዳው እስከ ደጃፋቸው ድረስ መንገዱ ላይ የወደቀ ቄጤማ ተንጠባጥቧል፤ ደጃፋቸው ደግሞ ለበዓል ተጎዝጉዟል።

ራህማ መንገዱን በዓይኗ ተከተለችና ወደ እኔ ዞረች። ግንባሬን አየች። ብዙ አየችው።

«ትርንጎ።»

«አትናገሪ።»

«ራስሽ ላይ ያለው…»

«አትናገሪ አልኩሽ!»

«የእኛ ሽንት ቤት ነው።»

እስቲ ምን ይደረጋል? ልፈታው እጄን ሰደድኩ፤ የተባረከ ነገር ነውና ልጥለው አልችልም። ልተወው አሰብኩ፤ ግንባሬ ያሳክከኝ ጀመር። ሽቅብ ዓይኔን እያጉረጠረጥኩ፣ ጫፉን በሁለት ጣት ይዤ፣ አሸተትኩት። የሣር ሽታ ነው። ራህማም አሸተተችው። ዝናብ የነካው ሣር ነው የሚሸተው፣ ሌላ ምንም የለም። በዚያች ቅጽበት ከበታቻችን ያለው መንገድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በሙሉ ይታየናል፤ አዛውንቱ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም ሽንት ቤታችንን ግንባሩ ላይ አስሮ «እንኳን አደረሰህ» ይባባላል። ራህማ ሳቋን ለመያዝ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰኞ ኮሚቴው ሲመጣ የሚያየው ራሰ በራ ጭቃ ነው። ራህማም ገባትና ሻሿን አወጣች። «ሱቅ ገባሁ ማለት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

ሰኞ መጣ። ሐጂ ኑሩ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሌሎቹ የኮሚቴው አባላት ገና የዶሮው ወጥ ከፊታቸው ሳይለቅ፣ ረግረጓ ዳር ቆሙ። እማማ ጠጂቱም በአዲስ ቀሚስ መጡ፤ እዚያ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። መምህር ይርጋ የታጨደውን ሲያይ ያን የማይበጠር ፀጉሩን በጣቶቹ ያበጥር ጀመር።

«ማነው ያጨደው?» አሉ ሐጂ።

«ፍ-ፍየል ይመስለኛል» አለ መምህር ይርጋ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ጉቶውን ዳሰሱ። «ማጭድ ያላት ፍየል ናት።»

እኔና ራህማ እናውቃለን። ግን በአያት ዕድሜ ያሉ ሴት፣ በዓውደ ዓመት፣ በሰው ፊት፣ እንዴት ይከሰሳል? ራህማ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ለመምህሬ ብቻ የምናገር መስዬ፣ «መምህር፣ ውሃው በየት በየት እንደሚያልፍ ለኮሚቴው ቢያስረዱልን» አልኩት። ምስኪን፣ ማስረዳት ከተባለ ሞት እንኳ አያስቆመውም። «ከሽንት ቤቱ ይወጣል፣ በዚህ ቧንቧ ይመጣል፣ ከዚያ እዚህ፣ በቄጤማው ሥር…»

«የቱ ቄጤማ?» አሉ እማማ ጠጂቱ ከነጠላቸው ውስጥ።

«ይኸው፣ የታጨደው።»

«ይኸ የእርሻ ክበቡ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም እማማ። የሽንት ቤቱን ውሃ የሚያጠራው ይህ ነው።»

እማማ ጠጂቱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ላይ ወረደ። «አበስኩ ገበርኩ!» አሉ ቀስ ብለው። «የመድኃኔ ዓለም ስለቴን… ላህ ዳር ደርቆ፣ ጉልበቴም እምቢ ብሎኝ… በአጥሩ በኩል አይቼው… ኧረ ምን ሠራሁ!»

ከዚያ ሁሉም፣ የኮሚቴው አባል በሙሉ፣ እጁ ሳይታወቀው ወደ ግንባሩ ሄደ። ሐጂ ኑሩ ዙሪያውን አይተው ጢማቸውን ዳሰሱና፣

«ወላሂ፣ ከዚህ መሐል ራሱ የዳነ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

«ሐጂ፣ ይተዉ!» አሉ እማማ ጠጂቱ፣ ያ ምላሳቸው ተመልሶ። «ቅዳሜ ለታ ሱቅዎ ደጃፍ ላይ እቅፍ ሙሉ ጎዝጉዤልዎ ‘እትዬ ጠጂቱ፣ እንዴት ደስ ይላል’ ብለው አልመረቁኝም? እሱስ ከሰማይ የወረደ መሰለዎ?»

ሐጂ ጫማቸውን አነሡና ሶሉን አዩት። እኔ በዚያን ጊዜ ራህማን ብመለከታት ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር፤ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

ሐጂ ጫማቸውን መሬት አስነኩና እንደ ዳኛ ቆሙ። «እንግዲህ ቀልዱ ይቅር። እዚህ የመጣነው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። እትዬ ጠጂቱ፣ ይህን ነገር አጭደውታል፣ ተሸክመውታል፣ ቤትዎ አሳድረውታል። ይሸታል ወይስ አይሸትም?»

ሁላችንም እሳቸውን አየን። ይሸታል ካሉ፣ ሽታውን ለስለታቸው ያቀረቡት፣ በከተማው ግንባር ላይ ያሰሩት እሳቸው ናቸው። አይሸትም ካሉ ከጥቅምት ጀምሮ የተናገሩት ሁሉ ውሃ በላው። እማማ ጠጂቱ ታጭዶ የቀረውን ጉቶ አዩ፣ ቧንቧውን አዩ፣ እኛን አዩ። ራህማ የሹራቧን እጅጌ በጥርሷ ይዛለች።

«ምን ይሸታል!» አሉ በቁጣ፣ እኛ ይሸታል ያልን ይመስል። «በዚህ በገዛ አፍንጫየ ሥር አቅፌ ተሸክሜዋለሁ። ከላህ ከማመጣው ይልቅ እሱ ይሻላል። ይሸታል የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር!»

«እስከ አሁን ቤትዎ ይመጣ የነበረው ሽታስ?» አሉ ሐጂ፣ ሰብሳቢ ናቸውና።

እማማ ጠጂቱ ወደ ግቢያቸው ገልመጥ አሉ። «እሱ… እሱ ዶሮዎቹ ይሆናሉ። እነሱን እመክራቸዋለሁ።»

ሽንት ቤቱ በዚያው ቀን ነጻ ወጣ። ራህማ ሱቅ አልገባችም፤ እኔም ከዕረፍት በኋላ ሒሳብ ገባሁ፣ ክፍልፋዩ ግን አሁንም አልገባኝም። መምህር ይርጋ ምላሱ ሲፈታለት፣ ቄጤማ ሥሩ ካልተነካ እንደሚያቆጠቁጥ፣ እንዲያውም ለጤናዋ አንዳንዴ መታጨድ እንዳለባት ነገረን፤ ይህን ቀደም ብሎ ቢነግረን ሁለት ሌሊት በእንቅልፍ ባደርን ነበር። እማማ ጠጂቱ ግን ልባቸው አላረፈም፤ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው እያለቀሱ ተናገሩ። ካህኑ አዳምጠው አዳምጠው «ልጄ፣ ላህ ወንዝስ ቢሆን ከላይ ያሉት ከብቶች ምን የሚያደርጉበት ይመስልሻል?» አሏቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ ወስነዋል፦ ለቤተ ክርስቲያን ከላህ፣ ለቤታቸው ከረግረጓ። የረግረጓ ዘበኛም ሆነዋል፤ ማንም አልሾማቸውም። በዕረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ዱካቸው ላይ፣ በዚያች አጭር በርጩማ፣ ይቀመጡና ፌስታል ወይም ሞዴስ ጉድጓድ ውስጥ የጣለች ልጅ ካገኙ እሷን አያርጋችሁ! ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ያ ሽንት ቤት ተቆልፎ እንደሚያውቅ ሲነገራቸው አያምኑም። «ሽንት ቤት ለምን ይቆለፋል?» ብላ አንዷ ጠየቀችኝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ አቀፍኳት፤ ያበድኩ መስሏት ሮጠች።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ በተለይ ሴቶች። አውቶቡሳችሁ ፍኖተ ሰላም ለምሳ ሲቆም፣ ረዳቱ እጁን ዘርግቶ «ሴቶች በዚያ በኩል!» እያለ ባሕር ዛፍ ያሳያችሁ ይሆናል። አትስሙት። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ጉብታውን ውጡና «የቄጤማው ሽንት ቤት» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያገኛችሁት ሰው ሁሉ ያደርሳችኋል። አጥሩ ሥር የተቀመጡ እናት «ማናት እሷ?» ብለው ቢጮኹባችሁ አትደንግጡ፤ ጎንበስ ብላችሁ ሰላም በሏቸው፣ ከዚያ በኋላ ዘመድ ናችሁ። ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ስትወጡ ደግሞ ቁልቁል ወርዳችሁ ውሃችሁ የት እንደደረሰ ማየት ትችላላችሁ። አሽትቱትም። ጠዋት ከቤት ስትነሡም መንገዱን ፈርታችሁ ውሃ እንዳትተዉ፤ እንደ ልባችሁ ጠጡ። ክፍት ነው፤ ግቡ።